የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ፦ የውሳኔ ዛፍ ይበቃል ወይስ ማርኮቭ ሞዴል ያስፈልጋል?

ጥያቄ — ተመራቂ ተማሪ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በጤና ኢኮኖሚክስ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴን በመሥራት ላይ እገኛለሁ። የማነጻጽረው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆናቸው ሴቶች የሚሰጡ ሁለት የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራዎችን ነው። አንደኛው በጤና ጣቢያዎቻችን የተለመደው፣ የማኅፀን በርን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን የማየት ዘዴ ሲሆን ሁላችንም ‹‹ቪያ›› እንለዋለን። ሁለተኛው የካንሰሩ መንስኤ የሆነውን የኤች.ፒ.ቪ. ቫይረስን ዘረ መል የሚፈልገው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ሁለተኛውን እንደሚያስቀድም አውቃለሁ፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን ለሚወጣው ተጨማሪ ብር የሚገኘው ተጨማሪ ጤና ምን ያህል እንደሆነ ነው።

የተቸገርኩባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። በመጀመሪያ፣ በኤክሴል ቀላል የውሳኔ ዛፍ (አማራጮችንና ውጤታቸውን በቅርንጫፍ የሚያሳይ ስሌት) ሠርቼ ብጨርስ በቂ ይሆናል ወይስ የግድ ማርኮቭ ሞዴል (ሴቶቹን ዓመት በዓመት የሚከተል ስሌት) መገንባት አለብኝ? በሁለተኛ ደረጃ፣ በአገር ውስጥ ያልተጠና ቁጥር ሲያጋጥመኝ ከውጭ ጥናት መውሰድ እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል? በመጨረሻም፣ ውጤቱ ከተገኘ በኋላ ‹‹ያዋጣል›› ወይም ‹‹አያዋጣም›› ለማለት ከየትኛው የገንዘብ ወሰን ጋር ላነጻጽረው? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ወንድሞችና እኅቶች ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ 1 — የወጪ ትንተና

ከዛፉ እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ ነገር ግን በዛፉ እንዲያበቁ አልመክርም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎት። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የፈጠርኳቸው ስለሆኑ በጥናትዎ ውስጥ እንዳያስገቧቸው አደራ።

10,000 ሴቶች ለምርመራ መጡ እንበል፤ ከእነርሱም 500ዎቹ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ቁስለት አለባቸው። ቪያ ካለባቸው ውስጥ 60 በመቶውን ቢለይ 300 ሴቶች ይገኛሉ። ቪያ ውጤቱ ወዲያው ስለሚታወቅ ሕክምናውም በዚያው ቀን ይሰጣል ብለን፣ ከመቶ 90ዎቹ ታከሙ ብንል 270 ሴቶች ታክመው ይሄዳሉ። የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራው ደግሞ 90 በመቶውን ይለያል እንበል፤ 450 ሴቶች መሆናቸው ነው። ናሙናው ወደ ሌላ ተቋም ተልኮ ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ ከሆነ ግን ሴቲቱ ተመልሳ መምጣት ይኖርባታል። ከመቶ 60ዎቹ ብቻ ቢመለሱ የሚታከሙት 270 ናቸው፤ ልክ እንደ ቪያ ማለት ነው። 50 በመቶ ከተመለሱ 225 ብቻ ይታከማሉ፤ በዚህ ጊዜ የተሻለ የሚባለው ምርመራ ዋጋው የበለጠ፣ ውጤቱ ያነሰ ሆኖ ይወድቃል። 80 በመቶ ከተመለሱ 360፣ ውጤቱ በዚያው ቀን ደርሶ 90 በመቶ ከታከሙ ደግሞ 405 ይሆናሉ።

አሁን ወጪውን ያስገቡ። የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራው ለአንዲት ሴት ከቪያ 500 ብር ይበልጣል ብንል፣ ለ10,000 ሴቶች ተጨማሪው ወጪ 5 ሚሊዮን ብር ነው። 80 በመቶ ሲመለሱ በተጨማሪ ለታከመች ለእያንዳንዷ ሴት 55,556 ብር ገደማ ወጣ ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ሲታከሙ ቁጥሩ ወደ 37,037 ብር ይወርዳል። የሕክምናውን ወጪና ቁስለት ሳይኖርባቸው ‹‹አለባችሁ›› የተባሉትን ሴቶች ለጊዜው ትቻቸዋለሁ፤ በእርስዎ ሥራ ግን ሁለቱም መግባት አለባቸው፤ በተለይ የኋለኞቹ ያለ በቂ ምክንያት ስለሚታከሙ።

እንግዲህ ከዚህ ትንሽ ዛፍ የምንረዳው ጥያቄው የምርመራው ጥራት ብቻ አለመሆኑን ነው። የተመላሾች ቁጥር ከ60 በመቶ በላይ መሆንና አለመሆኑ ከምርመራው ጥራት እኩል ውሳኔውን ይወስናል። ተመራማሪዋ ሱ ጎልዲና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሕንድ፣ ኬንያ፣ ፔሩ፣ ደቡብ አፍሪካና ታይላንድ ያሳተሙት የሞዴል ጥናትም የደረሰበት እዚያው ነው። አንዲት ሴት በ35 ዓመቷ አንድ ጊዜ ብቻ በቪያ ወይም በዲ.ኤን.ኤ. ብትመረመርና ምልልሱ ከአንድ ወይም ከሁለት ጉብኝት ባይበልጥ፣ በዕድሜ ዘመኗ በካንሰሩ የመያዝ ዕድሏ ከ25 እስከ 36 በመቶ እንደሚቀንስ ነው የታየው። የተሻሉ ሆነው የተገኙት ምልልስ የሚያሳጥሩት መንገዶች ናቸው።

ምላሽ 2 — ሲስተር ከጤና ጣቢያ

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ‹‹በቪያ 90 በመቶ በዚያው ቀን ይታከማሉ›› የሚለው ግምት የወረቀት ቪያ እንጂ የእኔ ክፍል ቪያ አይደለም። እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ቁስለቱን በቅዝቃዜ የምናክምበት የክራዮቴራፒው ጋዝ አልቆ ሲሊንደሩ ለወራት ባዶውን የቆመበት ጊዜ ነበር። በእነዚያ ወራት ምርመራው አልቆመም፤ ሪፖርት ስለሚጠየቅበት ቀጥሏል። ቁስለት የተገኘባቸውን ሴቶች ግን ‹‹ወደ ሆስፒታል ሂጂ›› ብለን ወረቀት ሰጥተን ነበር የምንሸኛቸው። ስለዚህ በሪፖርታችን አንድ ጉብኝት የተባለው ነገር ለእነርሱ ሁለት፣ ለአንዳንዶቹም ሦስት ጉብኝት ሆኖባቸዋል። በሙቀት የሚያክመው አነስተኛ መሣሪያ ጋዝ ስለማይፈልግ ይህን ችግር ያቃልላል፤ ለእርሱም ቢሆን መብራት ወይም የተሞላ ባትሪ ያስፈልጋል።

ሌላው ነገር፣ ቪያ ማለት ዓይን ነው፤ የዓይኑም ባለቤት ሰው ነው። በቅርቡ ሠልጥና የመጣችና በቀን ብዙ ሴት የምታይ ባለሙያ የምትለየውና፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሠልጥና በወር ሁለት ሴት ብቻ የምታይ ባለሙያ የምትለየው አንድ አይደለም። በእርስዎ ኤክሴል ላይ ግን ሁለቱም አንድ ሕዋስ ውስጥ ‹‹60 በመቶ›› ተብለው ይቀመጣሉ። በተጨማሪም ዕድሜ ሲገፋ መታየት ያለበት የማኅፀን በር ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ለ48 ዓመቷ ሴት ያለው ቪያና ለ32 ዓመቷ ያለው ቪያ እኩል አያሳይም።

ስለ መመለስም አንድ ነገር ልጨምር። ወደ እኛ የሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ የሚመጡት በገበያ ቀን ነው። ‹‹ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሺ›› ስንላቸው ቀኑ ከገበያ ቀን ጋር ካልገጠመ አይመጡም፤ ለእኛ የቀጠሮ ቀን የሆነው ለእነርሱ የአንድ ቀን ሥራና የመጓጓዣ ብር ነው። እህቴ፣ ይህንን ወጪ በሞዴልዎ ውስጥ ያስገቡልን። ምርመራው ነፃ ነው ስለተባለ ሴቲቱ ምንም አላወጣችም ማለት አይደለም።

ምላሽ 3 — ከባሕር ማዶ

ሲስተር ያነሱት ነጥብ በሙያው ቋንቋ ‹‹ወጪው የሚታየው ከማን ወገን ነው›› የሚለው ጥያቄ ነው። ከጤና ሥርዓቱ ወገን ብቻ ከታየ የሴቲቱ የመንገድ ብርና የባከነ ቀን አይገኝም፤ ከኅብረተሰቡ ወገን ሲታይ ይገኛል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ማቅረብ የተለመደ ሲሆን፣ በእርስዎ ጥናት ደግሞ ባለ ሁለት ጉብኝቱ መንገድ ሸክሙን በሴቶቹ ላይ ስለሚያዞር ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ግዴታ ይመስለኛል።

ወደ ማርኮቭ ልመለስ። ምላሽ 1 ላይ የታየው ዛፍ የሚያበቃው ‹‹ቁስለቱ ታከመ›› በሚለው ላይ ነው። የታከመ ቁስለት ግን የተረፈ ሕይወት አይደለም፤ ብዙው ቁስለት ሳይነካ ቢቀር እንኳ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። የተቀረውም ወደ ካንሰር የሚለወጠው በዓመታት ነው፤ የመከላከል አቅሟ ጤናማ በሆነ ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ ኤች.አይ.ቪ. ኖሮባት ሕክምና ባልጀመረች ሴት ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊወስድ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ዛፍ ለዛሬና ለነገ ይሆናል፤ ሃያ ዓመት የሚጓዝ በሽታን በዛፍ ለመሣል ቢሞከር ግን ቅርንጫፉ ያለ ልክ በዝቶ ማለቂያ ያጣል። ማርኮቭ ሞዴል ይህንን የሚያቃልለው ሴቶቹን በየዓመቱ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በአንዱ ውስጥ በማስቀመጥ ነው፤ ጤነኛ፣ ቫይረሱ ያለባት፣ ቅድመ ካንሰር ቁስለት ያለባት፣ በካንሰር የታመመች፣ የሞተች። በየዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩት በተወሰነ ዕድል ነው፤ በእያንዳንዱ ሁኔታ ላሳለፉት ዓመትም ወጪና የጤና ክብደት ይሰጠዋል። ተመራማሪዎቹ ቤክና ፖከር እ.ኤ.አ. በ1983 ይህንን አካሄድ ወደ ሕክምና ውሳኔ ካስገቡት ወዲህ የዘርፉ ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል።

ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚሰናከሉበትን አንድ ስፍራ ላሳይዎት። አንድ ጥናት ‹‹በአምስት ዓመት ውስጥ 60 በመቶው ሞቱ›› ካለ፣ የዓመቱን ዕድል ለማግኘት 60ን ለ5 አካፍለው 12 በመቶ ብለው እንዳያስገቡ። በየዓመቱ የሚሞተው ከተረፉት ላይ ነው። ትክክለኛው ስሌት በሕይወት የቀሩትን 0.4 ወደ አምስተኛ ሥሩ አውርዶ ከ1 መቀነስ ሲሆን፣ ውጤቱም 16.7 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ በሃያ ዙር ሲባዛ መደምደሚያውን ሊገለብጠው ይችላል።

ማርኮቭ የራሱ ጉድለት አለበት፤ የሚረሳ ሞዴል ነው። ሴቲቱ ‹‹ቁስለት›› በሚለው ሁኔታ ውስጥ ከገባች ትናንት ትግባ ከአሥር ዓመት በፊት አያውቅም። ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ስለሆነና የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ለእነርሱ ምርመራውን ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመት ስለሚያዝ፣ ከሌሎቹ ጋር በአማካይ ከመቀላቀል ሁለት የተለያዩ ሞዴሎችን ጎን ለጎን ማስኬድ ይሻላል። ለማሟያ ጥናት ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ እያንዳንዷን ሴት ለየብቻ የሚከተል ማስመሰያ መገንባት ይቻላል፤ ነገር ግን መመረቂያዎን አንድ ዓመት ያዘገየዋል።

የወደፊት ጤናን ዋጋ ስለ መቀነስም ያስቡበት። በተለመደው 3 በመቶ በየዓመቱ ከተቀነሰ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 የሕይወት ዓመት ዛሬ 55 ሆኖ ይቆጠራል፤ በ5 በመቶ ከሆነ 38 ብቻ ነው። ካንሰርን መከላከል ወጪው ዛሬ፣ ትርፉ ሩቅ ስለሆነ በዚህ አሠራር ሁልጊዜ ይጎዳል። እኔ በግሌ ይህ ለመከላከል ሥራ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ቢሆንም ውጤቱን ሳይቀነስም ተቀንሶም ማሳየት ከክርክሩ ያወጣዎታል።

ምላሽ 4 — ጥርጣሬ ያለው

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በዚህ ሁሉ ግምት ላይ የቆመ ሞዴል ሠሪው የፈለገውን ያስብላል። ከ60 በመቶ በላይ ይመለሳሉ ካልኩ አንዱ ያሸንፋል፣ ከዚያ በታች ካልኩ ሌላው። ታዲያ ሞዴሉ ምን ጨመረልን? በእውነተኛ ሴቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ካለ እርሱን መጥቀስ አይሻልም?

ምላሽ 5 — የወጪ ትንተና

ሙከራ አለ፤ ያውም ትልልቅ። በሕንድ ኦስማናባድ ወረዳ ከ130,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ የኤች.ፒ.ቪ. ምርመራ በካንሰሩ የሚከሰተውን ሞት በግማሽ ገደማ መቀነሱን ሲያሳይ፣ አንድ ጊዜ የተደረገው ቪያ ግን ሞትን በጉልህ እንደቀነሰ ማሳየት አልቻለም። በሌላ በኩል በሙምባይ፣ ሠልጥነው የተሰማሩ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ አራት ዙር ቪያ ሲሰጡ ሞት በ31 በመቶ ቀንሷል። ሁለቱም እውነተኛ ሙከራዎች ናቸው፤ ሁለቱም በሕንድ የተደረጉ ናቸው፤ ስለ ቪያ የሚሉት ግን ይለያያል፤ ምክንያቱም አንዱ አንድ ጊዜ ነው፣ ሌላው ተደጋጋሚ ነው። አሁን ለአንድ የኢትዮጵያ ወረዳ ‹‹በአምስት ዓመት አንዴ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ወይስ በሁለት ዓመት አንዴ ቪያ?›› ተብሎ ቢጠየቅ ከሁለቱ ሙከራዎች አንዱም በቀጥታ አይመልስም። እነዚህን ማስረጃዎች ከወረዳው ዋጋና ከወረዳው የመመለስ ልማድ ጋር አገናኝቶ የሚያስኬድ ሌላ መንገድ እኔ አላየሁም፤ ሞዴል ነው።

‹‹የፈለገውን ያስብላል›› የሚለውን ግን ግማሹን እቀበላለሁ። መድኃኒቱ አንድ ቁጥር ብቻ አለማስገባት ነው። ለእያንዳንዱ ዕድል ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ የሚደርስ ስርጭት ይሰጣል፤ ለዕድሎች ቤታ፣ ለወጪዎች ጋማ የሚባሉት ይለመዳሉ። ከዚያም ሞዴሉ ሺህ ወይም አሥር ሺህ ጊዜ በዕጣ በወጡ ቁጥሮች ይሮጣል። መልሱ ‹‹ዲ.ኤን.ኤ. ያዋጣል›› መሆኑ ቀርቶ ‹‹ለአንድ የሕይወት ዓመት ይህን ያህል ለመክፈል ከፈቀዳችሁ፣ ከመቶ 70 ጊዜ ዲ.ኤን.ኤ. ያዋጣል›› ይሆናል። በግልጽ የተጻፈ ግምት ሊነቀፍ ይችላል፤ እርስዎም አሁን 60 በመቶውን የነቀፉት ስለተጻፈ ነው። በስብሰባ ላይ ‹‹ልምዳችን እንደሚያሳየው›› ተብሎ የሚወሰነው ውሳኔም ያንኑ ግምት ይዟል፤ ልዩነቱ ማንም አያየውም።

ጠያቂዋ — ተመራቂ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከምላሾቹ የተረዳሁት የመጀመሪያውን ዓመት፣ ማለትም ምርመራውንና ሕክምናውን በዛፍ ሠርቼ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወት በማርኮቭ ማስቀጠል እንዳለብኝ ነው። ስለ ገንዘቡ ወሰን ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም። በብዙ ጽሑፎች ‹‹ከአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ›› የሚል አያለሁ፤ አማካሪዬ ደግሞ ‹‹እርሱን ተዪው›› ብለውኛል። በተጨማሪም ብዙ የቲቢ መመርመሪያ ጂንኤክስፐርት ማሽኖች በአገራችን ስላሉ፣ በዚያው ማሽን የሚሠራውን የኤች.ፒ.ቪ. ካርትሬጅ ለመጠቀም አስቤ የማሽኑን ወጪ ዜሮ አድርጌዋለሁ። ትክክል ነኝ?

ምላሽ 6 — የዕቅድና በጀት ባለሙያ

አማካሪዎ ትክክል ናቸው። ያ ወሰን እ.ኤ.አ. በ2001 የማክሮ ኢኮኖሚክስና ጤና ኮሚሽን ካቀረበው ሐሳብ ተነስቶ የዓለም ጤና ድርጅት ያሰራጨው ሲሆን፣ በኋላ ግን ከድርጅቱ ውስጥ ሳይቀር እንደ መቁረጫ መጠቀም ስሕተት መሆኑ ተጽፏል። ለምን እንደሆነ በእኛ አገር ቁጥር ይዩት። የነፍስ ወከፍ ገቢያችን እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 1,000 ዶላር ነበር፤ ሦስት እጥፉ 3,000 ዶላር ነው። ለአንድ ሰው በዓመት በጠቅላላ ለጤና የሚወጣው ደግሞ 40 ዶላር አይሞላም። በሕመምና ያለ ዕድሜ በመሞት የሚባክንን አንድ ዓመት፣ ዳሊ የሚባለውን፣ ለማትረፍ እስከ 3,000 ዶላር የሚያስከፍልን ነገር ሁሉ ‹‹ያዋጣል›› እያልን ብንፈቅድ በጀቱ በመጀመሪያው ወር ያልቃል። ትክክለኛው ጥያቄ ‹‹ይህንን ብገዛ ከነባሩ ሥራ የትኛው ይቀራል፣ ከቀረው ጋር ምን ያህል ጤና ይጠፋል?›› የሚለው ነው። በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ያሰሉት ለድሃ አገሮች የሚሆነው ወሰን ከነፍስ ወከፍ ገቢው ከአንድ እጥፍ እንኳ በጣም ያነሰ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ለአንድ ጥራት ያለው የሕይወት ዓመት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ እያሉ ሲወስኑ ቆይተው፣ የዮርኮቹ ስሌት ግን 13,000 ፓውንድ ገደማ አውጥቶታል። ስለዚህ አንድ ወሰን መርጠው ከመፍረድ፣ ውጤቱን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ባሉ ወሰኖች ሁሉ ያሳዩ።

በተጨማሪም ወሰኑ ብቻውን እንደማይወስን ከራሳችን ሰነድ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው የኢትዮጵያ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ጥቅል ሲዘጋጅ 1,018 አገልግሎቶች ተገምግመው 594ቱ ከፍተኛ ቅድሚያ አግኝተዋል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ የወጪ ውጤታማነት ነበር፤ ነገር ግን የበሽታው ጫና፣ ፍትሐዊነት፣ ቤተሰብን ከድህነት መጠበቅ፣ በበጀት ላይ የሚያሳድረው ጫና፣ የሕዝብና የፖለቲካ ተቀባይነትም አብረው ተመዝነዋል።

ወደ ማሽኑ ልመለስ፤ ዜሮ አይደለም። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ የሚቆምበት ሰዓት ካለ፣ ተጨማሪው ወጪ ካርትሬጁና የባለሙያው ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ግን ባለ አራት ጉድጓድ ማሽን አንዱን ምርመራ በአንድ ሰዓት ቢጨርስ፣ በስምንት የሥራ ሰዓት ያለ አንዳች እክል 32 ምርመራ ነው የሚሠራው፤ ከዚያም ላይ የቲቢው ይቀነሳል። በዘመቻ ቀን 60 ሴት ከመጣች ግማሾቹ ‹‹ነገ ተመለሱ›› ይባላሉ፤ ያን ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማሉ ያሉት ግምትዎ ይፈርሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቲቢ በሽተኛው ሰልፍ ውስጥ ከዘገየ ያም ወጪ ነው፤ በእርስዎ ኤክሴል ላይ ባይታይም በሳል ክፍሉ ይታያል።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው የምንዛሪ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ገበያ መር ከሆነ በኋላ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል። በድሮው ምንዛሪ የተሠራን የወጪ ጥናት በዋጋ ንረት አባዝተው ‹‹አዘመንኩት›› ካሉ ይሳሳታሉ። የነርሷ ደመወዝና የቤት ኪራይ በብር ነው፤ ካርትሬጁ በዶላር ነው፤ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ነው ያደጉት። የአንዱን ምርመራ ወጪ ወደ ብርና ወደ ዶላር ክፍል ከፍለው፣ እያንዳንዱን በራሱ መንገድ ያዘምኑት። እንዲህ ሲደረግ ቪያ በአብዛኛው የብር ሥራ፣ ዲ.ኤን.ኤ. በአብዛኛው የዶላር ሥራ መሆኑ ይገለጻል፤ ለበጀት ሰው ይህ ልዩነት ከዳሊው በላይ እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

ምላሽ 7 — ከባሕር ማዶ

ከውጭ ጥናት ስለ መውሰድ የጠየቁት ሳይመለስ እንዳይቀር። የቫይረሱና የቁስለቱ ተፈጥሯዊ ጉዞ፣ ማለትም ከኢንፌክሽን ወደ ቁስለት፣ ከቁስለት ወደ ካንሰር የሚወስደው ዕድል፣ በሰው አካል ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ ኤች.አይ.ቪ.ን ለይተው ከያዙ ከሌላ አገር ቢወስዱት ብዙ አያስነቅፍም። ዋጋ፣ የሕክምና ሽፋን፣ የተመላሾች ቁጥርና ካንሰር ከተገኘ በኋላ ሴቲቱ የምታገኘው ሕክምና ግን ከሌላ አገር አይመጡም። ሞዴሉ ከተሠራ በኋላም ያስገቧቸው ዕድሎች የሚያስከትሉትን የካንሰር ቁጥር በአገር ደረጃ ከተመዘገበው ጋር ያስተያዩት፤ በጣም ከራቀ ዕድሎቹን ማስተካከል ግድ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት ጀምራለች። ከካንሰሩ 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው የሚመጣው ክትባቱ ከሚከላከላቸው ከ16ኛውና ከ18ኛው ዓይነት ነው። ያኔ የተከተቡት ልጆች ለምርመራ ዕድሜ ሲደርሱ ቁስለት የሚገኝባቸው ቁጥር ስለሚያንስ፣ ዛሬ የሚያዋጣው ምርመራ ያኔ በተመሳሳይ ድግግሞሽ ላያዋጣ ይችላል። ስለዚህ ጥናትዎ ላልተከተበው ትውልድ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ።

ጠያቂዋ — ተመራቂ ተማሪ

የማሽኑን ዜሮ ሰርዣለሁ፤ ወጪውንም በብርና በዶላር ከፍዬ እንደገና እጀምራለሁ። የተመላሾችን ቁጥር ከሌላ አገር ላለመውሰድ ከሁለት ጤና ጣቢያዎች የምርመራ መዝገብ ለመቁጠር ወስኛለሁ። ሲስተር፣ የእናንተ መዝገብ ሁለተኛ ጉብኝትን ያሳያል? የቀጠሮው ዓምድ ባዶ ከሆነ ‹‹አልተመለሰችም›› ብዬ ልቁጠረው?

ምላሽ 8 — ሲስተር ከጤና ጣቢያ

እንደዚያ እንዳይቆጥሩት፣ እህቴ። ባዶ ዓምድ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አልተመለሰችም ይሆናል፤ ወይም ወደ ሌላ ተቋም ሄዳ እዚያ ታክማለች፣ ወረቀቱም ወደ እኛ አልተመለሰም፤ ወይም ደግሞ መጥታ ታክማ፣ በዕለቱ ሰው በዝቶ የጻፈላት የለም። የሕክምና ክፍሉ የራሱ መዝገብ ስላለው ሁለቱን በካርድ ቁጥር አገናኝተው ይዩ፤ ስም ብቻ ካገናኙ የአባት ስም አጻጻፍ ይለያይብዎታል። ወደ ሆስፒታል የላክናቸውን ደግሞ የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ይፈልጓቸው፤ ከዚህ ደብዳቤ ይዘው ቢሄዱ ያሳዩዎታል። ከዚያ በኋላም የማይታወቁ ይቀራሉ፤ እነዚያን አንድ ጊዜ ሁሉም እንደተመለሱ፣ አንድ ጊዜ ሁሉም እንደቀሩ አድርገው ያስሉ። ከመምጣትዎ በፊት ግን ቀኑን ይንገሩኝ፤ ማክሰኞና ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ መዝገቡን ከእጃችን ለማውጣት አንችልም።